ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ? የማርሽ ምርጫ በቁልቁለት ሲፈተን

መኪና ለመግዛት የተነሣ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው «ማርሹ ማንዋል ነው ወይስ አውቶማቲክ?» ብሎ ነው። በሐዋሳ ከተማ፣ በታቦር ክፍለ ከተማም ሆነ በሌላው ሰፈር፣ በሻይ ቤትም ሆነ በጋራዥ በር ላይ ይህ ክርክር ከተነሣ ቶሎ አይቋጭም። አንዱ ወገን «ማንዋል ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጉልበት አለው፣ የትም ጋራዥ ይሠራል» ይላል። ሌላው ደግሞ «አውቶማቲክ እግር ያሳርፋል፣ ሐሳብንም ከማርሽ አላቅቆ በመንገዱ ላይ ያደርጋል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል። ይሁን እንጂ በዚህ ክርክር ውስጥ እምብዛም የማይነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «መኪናው ረዥም ቁልቁለት ሲወርድ ጉልበቱን የሚውጠው ማን ነው?» የሚለው ነው። እንደ እኛ አገር ተራራና ሸለቆ በበዛበት ምድር ለሚነዳ ሰው ግን ከሁሉ የሚቀድመው ይኸው ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን።

በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ማርሽ ለምን እንዳስፈለገና ሁለቱ ዓይነቶች እንዴት እንደሚሠሩ እንመለከታለን። ቀጥሎም አንድ ቁልቁለት መርጠን በቁጥር እናሰላለን። በመጨረሻም ከስሌቱ ተነሥተን ወደ ምርጫው እንመለሳለን። ሒሳቡ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ስለማያልፍ አንባቢው እርሳስና ወረቀት ይዞ ቢከተለን ይበልጥ ይጠቀማል።

ከሁሉ አስቀድሞ በቃላት እንስማማ። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ኃይል፣ ጉልበትና አቅም አንዱ በሌላው ምትክ ይነገራሉ። በዚህ ጽሑፍ ኃይል ስንል የሚገፋውን ወይም የሚስበውን፣ ጉልበት ስንል በጁል የሚለካውን ሥራ የመሥራት ችሎታ፣ አቅም ስንል ደግሞ በአንድ ሴኮንድ የሚሰጠውን ወይም የሚዋጠውን ጉልበት ማለታችን ነው። አቅም የሚለካው በዋት ነው። መካኒኮች ቶርክ የሚሉትን፣ አንድን ዘንግ ለማዞር የሚሞክረውን ኃይል፣ የማሽከርከር ኃይል እንለዋለን።

ማርሽ ለምን አስፈለገ?

የቤንዚን ሞተር አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ ይኸውም ቆሞ ሳለ ምንም የማሽከርከር ኃይል መስጠት አለመቻሉ ነው። በደቂቃ ከ700 ወይም ከ800 ዙር በታች ሲወርድ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። በሌላ በኩል የተለመደ ትንሽ መኪና ሞተር በደቂቃ ከ6,000 ዙር ብዙም ማለፍ አይችልም። ጎማው ግን ከዜሮ ተነሥቶ እስከ ሙሉ ፍጥነት መዞር አለበት። ይህን የሞተርና የጎማ አለመጣጣም የሚያስታርቀው ማርሽ ነው።

የማርሽ ሕግ የመፈንቅል ሕግ ነው። በኃይል የሚገኘው ትርፍ በፍጥነት ይከፈላል። ሐዋሳ ሜዳማ ከተማ ስለሆነች ብስክሌት ለነዋሪዎቿ እንግዳ አይደለም። ባለ ማርሽ ብስክሌት የነዳ ሰው ደግሞ ሕጉን በእግሩ ያውቀዋል፤ ለዳገት የሚመረጠው ማርሽ ፔዳሉን ብዙ ጊዜ ያስዞራል፣ መንገዱን ግን ጥቂት በጥቂት ያስኬዳል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ባለ አምስት ማርሽ ትንሽ መኪና የመጀመሪያ ማርሹ 3.5፣ ሁለተኛው 1.9፣ አራተኛው 1፣ አምስተኛው 0.8 የሆነ ንጽጽር አለው እንበል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ዲፈረንሻል ደግሞ ሁሉንም በ4 ያባዛል። እንግዲህ በአንደኛ ማርሽ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ 14 ጊዜ መዞር አለበት፤ የማሽከርከር ኃይሉም ብክነቱን ካልቆጠርን 14 እጥፍ ይሆናል። በአምስተኛ ማርሽ ሞተሩ የሚዞረው 3.2 ጊዜ ብቻ ነው። እነዚህን ቁጥሮች አንባቢው ይያዛቸው፤ በኋላ እንፈልጋቸዋለን።

በአገራችን ማርሽ ተጨማሪ ሥራ አለበት። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ወደ ሲዳማ ደጋ ወጥተን ከ2,700 ሜትር በላይ ወደሆነችው ወደ ሐገረ ሰላም ስንደርስ ደግሞ ቅናሹ ከአንድ አራተኛ ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አየር ባነሰ መጠን የሚያቃጥለው ነዳጅም ስለሚያንስ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣ ዳገት በደጋ አገር ሁለተኛን ሊጠይቅ ይችላል። ይህ የሞተሩ ሕመም ሳይሆን የከባቢ አየሩ ሕግ ነው።

ማንዋል፦ በሰበቃ የሚያያዝ

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኤሚል ሌቫሶር እ.ኤ.አ. በ1891 በፓናርና ሌቫሶር መኪና ላይ እየተንሸራተቱ የሚገናኙ ባለ ጥርስ መዘውሮችን ተጠቀመ። የዛሬው ማንዋል ማርሽ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። የመዘውሮቹ ፍጥነት ሳይስተካከል ጥርሶቹ ሲጋጩ ይሰማ የነበረውን ጩኸት ያስቀረው ፍጥነት አስተካካይ ቀለበት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1928 በካዲላክ መኪና ላይ መጣ።

በማንዋል መኪና ሞተሩንና ማርሹን የሚያያይዘውና የሚያለያየው ፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው፤ የመጀመሪያው «ሰበቃ»፣ ሁለተኛው «ለውጥ» ማለት ነው። ስሙ ራሱ ፊዚክሱን ይናገራል። አንድ ሸካራ ሰሌዳ ከሞተሩ ጋር በሚዞር የብረት ገጽ ላይ በጠንካራ ምላስ ተጭኖ በሰበቃ ይያያዛል። ፔዳሉን ስንረግጥ ይላቀቃል፣ ስንለቅ ይጨብጣል። ሙሉ በሙሉ ከጨበጠ በኋላ መንሸራተት ስለሌለ የሚባክነው ጉልበት ጥቂት ነው። በከፊል በተያዘ ጊዜ ግን በሰሌዳው ላይ የሚንሸራተተው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ይሆናል። በዳገት ላይ የእጅ ፍሬን ከመጠቀም ይልቅ ፍሪሲዮኑን በከፊል ይዞ መኪናውን የሚያቆም አሽከርካሪ የፍሪሲዮኑን ሰሌዳ እየጠበሰ ነው።

አውቶማቲክ፦ በዘይት የሚያያዝ

ጀርመናዊው ኸርማን ፎቲንገር እ.ኤ.አ. በ1905 የመርከብ ሞተርን ጉልበት በፈሳሽ አማካይነት የሚያስተላልፍ መሣሪያ የፈጠራ መብት አወጣ። ሁለት ማራገቢያዎችን ፊት ለፊት እናስቀምጥ። አንዱን በኤሌክትሪክ ብናዞር ከእርሱ የሚወጣው ነፋስ ሌላውን ያዞረዋል። በነፋስ ፈንታ ዘይት፣ በክፍት ቦታ ፈንታ የተዘጋ ቀለበት ቢሆን በአውቶማቲክ መኪና ውስጥ ያለው ቶርክ ኮንቨርተር ይሆናል። በመካከል የተተከለ ሦስተኛ ማራገቢያ የዘይቱን አቅጣጫ መልሶ ስለሚያቀና መኪናው ከቆመበት ሲነሣ የማሽከርከር ኃይሉ ከሞተሩ ከሚወጣው ይበልጣል። አውቶማቲክ መኪና ዳገት ላይ ያለ ንዝረት የሚነሣው ስለዚህ ነው።

ማርሹን ራሱ በዘይት ግፊት የሚለውጥ መኪና በብዛት ለገበያ የቀረበው ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1939 ሃይድራማቲክ ብሎ ባስተዋወቀው ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ የሆላንዱ ዳፍ ኩባንያ ጥርስ ባላቸው መዘውሮች ፈንታ ስፋታቸው በሚለዋወጥ ሁለት መዘውሮችና በቀበቶ የሚሠራ መኪና አወጣ። ዛሬ በጃፓን ሠራሽ ትንንሽ መኪኖች ላይ በብዛት የምናገኘው ሲቪቲ የዚህ ቤተሰብ ነው። ሲቪቲ ደረጃ በደረጃ ማርሽ አይለውጥም፤ ንጽጽሩን ሳያቋርጥ ያንሸራትተዋል።

በአውቶማቲክ ውስጥ ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ ጉልበት አስተላላፊና አዛዥም ነው። ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ባትሪው የደከመ አውቶማቲክ መኪና እንደ ማንዋሉ ተገፍቶ አይነሣም፤ የዘይት ግፊት ሳይኖር ጎማውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዝ ነገር የለምና። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ጠፍቶ የሚነዱት ጎማዎች መሬት እየነኩ በረዥም መንገድ ቢጎተት ውስጡ ያለ ዘይት ስለሚዞር ሊጎዳ ይችላል።

የቁልቁለቱ ሒሳብ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንድረስ። ከሐዋሳ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው አርባ ምንጭንና ጨንቻን ያውቃል። አርባ ምንጭ ወደ 1,300 ሜትር በሚጠጋ፣ ጨንቻ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ልዩነታቸው 1,400 ሜትር ገደማ ነው። ሰሜኑን የሚያውቅ አንባቢ ከደጀን ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ የሚወርደውን መንገድ ያስታውስ። ለስሌታችን እንዲመች በእያንዳንዱ 100 ሜትር ጉዞ 7 ሜትር የሚወርድ፣ ርዝመቱ 20 ኪሎ ሜትር የሆነ መንገድ እንውሰድ። ጠቅላላ ቁልቁለቱ 1,400 ሜትር ይሆናል።

መኪናችን ከተሳፋሪዎቹ ጋር 1,200 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 11.1 ሜትር ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 0.778 ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። የስበት ኃይል በሴኮንድ የሚሰጠው ጉልበት፦

1,200 × 9.8 × 0.778 = 9,150 ዋት ገደማ፣ ማለትም ወደ 9.1 ኪሎ ዋት ነው።

ከዚህ ውስጥ የጎማው መንከባለል 2 ኪሎ ዋት ገደማ፣ የአየሩ መከላከል ደግሞ 0.4 ኪሎ ዋት ገደማ ይውጣሉ። ቀሪው 6.7 ኪሎ ዋት ነው። ይህን የሚውጠው ካልተገኘ መኪናው ይፈጥናል። እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ አቅሙ በግምት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ነው። እንግዲህ ይህች ትንሽ መኪና ቁልቁለቱን ስትወርድ ሁለት ምጣዶች በአንድነት እንደጋሉ ያህል ሙቀት ወደ አንድ ቦታ መሄድ አለበት ማለት ነው፤ ያውም ሳያቋርጥ ለ30 ደቂቃ።

ሙሉውን ለፍሬኑ ብንተወውስ? 6.7 ኪሎ ዋት በ1,800 ሴኮንድ ሲባዛ 12 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይሆናል። ይህ በሐዋሳ ከፍታ 39 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ጉልበት ነው። የአራቱም ጎማዎች የፍሬን ዲስክና ታምቡር በድምሩ 30 ኪሎ ግራም ብረት ነው ብንልና ሙቀቱ ወደ አየር ባይወጣ ኖሮ ብረቱ ወደ 890 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በግሎ ነበር። እርግጥ ነው፣ ነፋሱ ብዙውን ስለሚወስድ እዚህ አይደርስም። ነገር ግን ለጥፋት ይህን ያህል መጋል አያስፈልግም።

ጥፋቱ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው የፍሬን ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ ችሎታው መቀነሱ ነው፤ አሽከርካሪው አብዝቶ ይረግጣል፣ መኪናው ግን እንደ ወትሮው አይያዝም። ሁለተኛው የፍሬን ዘይቱ መፍላቱ ነው። በመኪኖች ላይ የሚገኘው ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት ይጠበቅበታል። ዘይቱ ግን ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ በመመዘኛው መሠረት እርጥበት የሳበ ዘይት ሊጠበቅበት የሚችለው ዝቅተኛ የመፍያ ነጥብ 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም፣ ስለዚህ የእግራችንን ግፊት ለጎማው ያደርሳል። በፈላበት ቦታ የተፈጠረው ተን ግን ይታመቃል፤ ፔዳሉም ምንም ሳይዝ እስከ ወለል ይወርዳል። «ፍሬን እምቢ አለ» የምንለው አደጋ አንዱ ምሥጢር ይህ ነው። መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ ተኑ ተመልሶ ፈሳሽ ስለሚሆን ከአደጋው በኋላ የሚመረምር ሰው ፍሬኑን ደኅና ሊያገኘው ይችላል።

ሞተሩ ሲያግዝ

የቤንዚን ሞተር እግራችንን ከነዳጅ መስጫው ላይ ስናነሣ አየር የሚገባበት በር ይጠባል። ፒስተኖቹ በዚያ ጠባብ በር አየር ለመሳብ ይታገላሉ፤ በሲሊንደሩ ውስጥም ሰበቃ አለ። በዚህ ጊዜ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ስለሆነ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይሆናል። ለ1.3 ሊትር ሞተር ይህ የመቃወም ኃይል በግምት 20 ኒውተን ሜትር ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። ከዙር ወደ ዙር ብዙም ስለማይለዋወጥ ሞተሩ የሚውጠው አቅም የሚወሰነው በሚዞርበት ፍጥነት ነው። የሚዞርበትን ፍጥነት የሚወስነው ደግሞ ማርሹ ነው።

የጎማው ዙሪያ 1.8 ሜትር ቢሆን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ጎማው በደቂቃ 370 ጊዜ ይዞራል። በሁለተኛ ማርሽ (1.9 × 4 = 7.6) ሞተሩ በደቂቃ 2,800 ዙር ገደማ ይዞራል፤ የሚውጠውም 5.9 ኪሎ ዋት ነው። በአራተኛ ማርሽ 1,500 ዙር ገደማ ብቻ ስለሚዞር የሚውጠው 3.1 ኪሎ ዋት ነው። በዜሮ ማርሽ ከጎማው ጋር ስለማይያያዝ የሚውጠው የለም። ስለዚህ ከ6.7 ኪሎ ዋቱ ለፍሬኑ የሚቀረው፦

በሁለተኛ ማርሽ 0.8 ኪሎ ዋት፣
በአራተኛ ማርሽ 3.6 ኪሎ ዋት፣
በዜሮ ማርሽ 6.7 ኪሎ ዋት ነው።

መኪናው አንድ፣ ቁልቁለቱ አንድ፣ ፍጥነቱም አንድ ነው። በፍሬኑ ላይ የሚጫነው ሸክም ግን በማርሹ ብቻ ከስምንት እጥፍ በላይ ይለያያል። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር በእነዚህ ሦስት መስመሮች ውስጥ ነው።

ዜሮ ማርሽ ነዳጅ ይቆጥባልን?

ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ቁልቁለት ሲጀምር ማርሹን ዜሮ የሚያደርጉ አሽከርካሪዎች አሉ። ይህ ልማድ ካርቡሬተር በነበረበት ዘመን መጠነኛ መሠረት ነበረው፤ በዚያ ሥርዓት በፍጥነት የሚዞር ሞተር እግር ቢነሣም ነዳጅ መሳቡን አያቆምም ነበርና። በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ የሚረጭ መኪና ግን የሚሠራው በተቃራኒው ነው። መኪናው በማርሽ ላይ ሆኖ እግር ሲነሣና ሞተሩ በበቂ ፍጥነት ሲዞር መቆጣጠሪያው ነዳጁን ፈጽሞ ይቆርጣል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ስበት ነው። ዜሮ ሲደረግ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መቃጠል አለበት፤ የትንሽ መኪና ሞተር በዚህ ሁኔታ በሰዓት በግምት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይጠጣል። በግማሽ ሰዓት ቁልቁለት ሩብ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ያባክናል ማለት ነው። ስለዚህ በዘመናዊ መኪና ላይ ዜሮ ማርሽ ፍሬኑንም ነዳጁንም ያስከፍላል። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የፍሬኑና የመሪው አጋዥ አብረው ይጠፋሉ።

አውቶማቲክ በቁልቁለት

«እንግዲያው ለቁልቁለት ማንዋል ይሻላል» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሳችን «እንደ አሽከርካሪው ነው» የሚል ነው። በዲ ላይ የተተወ ብዙ ዓይነት አውቶማቲክ፣ በተለይም የቆየ ሞዴል፣ እግር ሲነሣ «ጉልበት አልተፈለገም» ብሎ ወደ ከፍተኛ ማርሽ ይወጣል። ዳገትም ቁልቁለትም የማያይ መሣሪያ ለሜዳ የሚስማማውን ውሳኔ በቁልቁለት ላይ ይወስናል። በዚህ ጊዜ መኪናው በስሌታችን ከአራተኛ ማርሹ መስመር ባልተሻለ ሁኔታ ይወርዳል፤ አሽከርካሪውም ሳያውቀው ሸክሙን ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይጭናል።

መድኃኒቱ ግን በእጁ ላይ ነው። በማርሽ ዘንጉ አጠገብ ከዲ በታች የተጻፉት 3፣ 2 ወይም ኤል ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም። 2 ላይ ሲደረግ ማርሹ ከሁለተኛ በላይ እንዳይወጣ ይታገዳል። ኦዲ የሚል ቁልፍ ያለው መኪና ቁልፉ ሲጠፋ ከፍተኛውን ማርሽ ይተዋል። ሲቪቲ ባላቸው መኪኖች ላይ ኤስ፣ ቢ ወይም ኤል የሚሉት ምልክቶች ሞተሩ በፍጥነት እንዲዞርና እንዲይዝ ያዛሉ። ስለዚህ አውቶማቲክ መኪና በሞተር መያዝ አይችልም ማለት ስሕተት ነው፤ ይችላል፣ ነገር ግን መታዘዝ አለበት። ማንዋል መኪና አሽከርካሪውን ማርሽ እንዲመርጥ ያስገድደዋል፤ አውቶማቲክ ግን መምረጡን እንዲረሳ ይፈቅድለታል። በቁልቁለት ላይ የሁለቱ እውነተኛ ልዩነት ይህ ነው።

እንግዲህ የቱን እንምረጥ?

ከዚህ በኋላ ምርጫው በአራት ጥያቄዎች ላይ ይቆማል።

አንደኛ፣ የት እንነዳለን? ከታቦር ተራራ ላይ ሆኖ ሐዋሳን የሚመለከት ሰው በአንድ ወገን ሐይቁን፣ በሌላው ወገን ሜዳ ላይ የተዘረጋችውን ከተማ ያያል። በዚህች ከተማ ውስጥ ከባጃጅና ከብስክሌት ጋር እየተጋፋ፣ እየቆመና እየተነሣ የሚውል ሰው ፍሪሲዮን በቀን ብዙ መቶ ጊዜ ይረግጣል። ለእርሱ አውቶማቲክ እውነተኛ ዕረፍት ነው። ዘወትር ወደ ደጋ የሚወጣና የሚወርድ፣ በጭቃና በኮረኮንች የሚጓዝ ሰው ግን የማንዋልን ቀጥተኛ ቁጥጥር ይወዳል።

ሁለተኛ፣ ማን ይጠግነዋል? የማንዋል ፍሪሲዮን ያልቃል፤ ግን ምልክት እየሰጠ ነው የሚያልቀው፣ የሚጠግነውም መካኒክ በየከተማው አለ። አውቶማቲክ በወቅቱ ዘይቱ ከተለወጠለት ረዥም ዘመን ያገለግላል፤ ከተበላሸ ግን ልዩ ዕውቀትና ውድ መለዋወጫ ይጠይቃል። በተለይ ሲቪቲ የራሱ የሆነ ዘይት አለው፤ ቀበቶው ሳይንሸራተት መያዝ የሚችለው በዚያ ዘይት የሰበቃ ጠባይ ነው። የተለመደውን የአውቶማቲክ ዘይት መጨመር ቀበቶውንና መዘውሩን ማጥፋት ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከቀለሙ አስቀድሞ የማርሹን ዓይነትና የዘይቱን ታሪክ ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ነዳጁስ? ቶርክ ኮንቨርተር ሲንሸራተት ዘይቱን ስለሚያሞቅ የቆዩ አውቶማቲኮች ከማንዋል ይበልጥ ይጠጣሉ። በኋላ የመጡት ግን መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ኮንቨርተሩን የሚቆልፍ ፍሪሲዮን አላቸው፤ የማርሻቸውም ቁጥር ጨምሯል። ስለዚህ «አውቶማቲክ ነዳጅ ይበላል» የሚለው አባባል በዘመናዊ መኪና ላይ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ማርሽ ያለ አግባብ የሚያጓራ የማንዋል አሽከርካሪ ከአውቶማቲኩ የባሰ ሊያባክን ይችላል።

አራተኛ፣ ማን ይነዳዋል? የግራ እግሩ የታመመ ሰው፣ ወይም መንዳት የጀመረ ሰው በከተማ ውስጥ አውቶማቲክ ቢመርጥ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። አገሮችም እንደ ልማዳቸው ይለያያሉ፤ በአሜሪካ ማንዋል መኪና ብርቅ ሲሆን በአውሮፓ ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የበላይነቱን ይዞ ቆይቷል። ስለዚህ አንዱን የብልህ፣ ሌላውን የሰነፍ ማርሽ ማድረግ ሳይንስ አይደለም።

ማርሽ የሌለው መኪና

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተሞቻችን በርክቷል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ጀምሮ ሙሉ የማሽከርከር ኃይል ስለሚሰጥ አብዛኞቹ የሚቀያየር ማርሽ የላቸውም። ታዲያ ክርክራችን አበቃን? የማርሹ ክርክር ሊያበቃ ይችላል፤ የቁልቁለቱ ሕግ ግን አያበቃም።

1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን የኤሌክትሪክ መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ ስበት 22 ሚሊዮን ጁል ገደማ፣ ማለትም 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጠዋል። ሞተሩ እንደ ጀነሬተር እየሠራ ከዚህ ውስጥ በግምት ግማሹን ወደ ባትሪው ሊመልስ ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልቁለቱ ዕዳ መሆኑ ቀርቶ ገቢ ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ባትሪው ሙሉ ከሆነ ጉልበቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ መያዙም ይደክማል፣ ሸክሙም ወደ ፍሬኑ ይመለሳል። ስለዚህ በደጋ ከተማ የሚያድር ባለ ኤሌክትሪክ መኪና ጠዋት ረዥም ቁልቁለት የሚወርድ ከሆነ ባትሪውን እስከ አፉ ባይሞላው ይመከራል።

መደምደሚያ

ጉልበት አይጠፋም፤ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ። ዳገቱን ስንወጣ በነዳጅ የከፈልነው ጉልበት ስንወርድ ተመልሶ ይመጣል፤ በሞተሩ፣ በባትሪው ወይም በፍሬኑ መዋጥ አለበት። ማንዋልም ይሁን አውቶማቲክ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ይቀነስ፤ ፍጥነቱ ከበዛ በኋላ ለመቀነስ መታገል አደገኛ ነው። የፍሬን ዘይቱ በአምራቹ የጊዜ ገደብ ይለወጥ። መኪና የምንገዛበት ገንዘብ ማርሹን ያስመርጠን ይሆናል፤ አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ደኅንነት ግን በማርሹ አጠቃቀማችን ላይ ነው።

መልመጃ

1. ከላይ ባየነው ቁልቁለት፣ በዚያው ፍጥነት፣ ጭነቱን ጨምሮ 8,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን አይሱዙ ቢወርድ ስበት በሴኮንድ ስንት ጉልበት ይሰጠዋል? (መልስ፦ 61 ኪሎ ዋት ገደማ። ጎማውና አየሩ 16 ያህሉን ቢውጡ 45 ኪሎ ዋት ይቀራል፤ ይህም 13 የእንጀራ ምጣዶች ማለት ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ አየር የሚያጠብ በር ስለማይኖረው ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይበቃም፤ የጭስ ማውጫውን የሚዘጋ ተጨማሪ ፍሬን በከባድ መኪኖች ላይ የሚገጠመው ለዚህ ነው።)

2. ትንሿ መኪናችን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በአንደኛ ማርሽ ብትወርድ ፍሬን ያስፈልጋታልን? (መልስ፦ አያስፈልጋትም። ጎማውና አየሩ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይቀራል፤ በደቂቃ 2,600 ዙር ገደማ የሚዞረው ሞተር ደግሞ 5.4 ኪሎ ዋት መዋጥ ይችላል። መኪናዋ እንዲያውም ፍጥነቷን ትቀንሳለች።)